ሁለት ጊዜ የተሰፋው ጭን

«ስንት ቀን ሆነዎት?» አለች ሲስተር።

«ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። አልጋው ላይ የተጋደመውን ሰው «አናጢው» ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን እሷም አታውቀውም። አርባ ሁለት ሰዎች በድብቅ የታሰሩበትን ቦታ የሚያሳይ ፊልም በገዛ እጁ ጭኑ ውስጥ ሰፍቷል። ፊልሟ የአተር ፍሬ ታክላለች። የሲስተር ድርሻ ስፌቱን ፈትቶ እሷን ማውጣት ነው። በዚህ የፋብሪካ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁስል ስታጥብ የኖረችው ለዚህ ረፋድ ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ተቀምጧል። የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

«ወንድሜ ነው፤ ደግፎ ያመጣኝ» አለ አናጢው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አናጢው ወንድም የለውም።

ፋሻውን ፈታች። እጇ ቀጥ አለ።

የስምንት ቀን ቁስል አፉ ይገጥማል። እብጠቱ ይጎድላል፤ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ ክሩን ቢመዙለትም ቆዳው እንደተያያዘ ይቆያል። ይኼ ግን አብጧል። ይፋጃል። በስፌቶቹ መሃል መግል ያዣል። ከአዲሶቹ የመርፌ ቀዳዳዎች ጎን ደግሞ መዳን የጀመሩ ሌሎች ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል።

ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል።

ሁለተኛው ሰፊ ማንም ይሁን ማን ቸኩሏል። ቆዳው እስኪነጣ ድረስ በክር አንቆታል። አናጢውን ይዘው፣ ከፍተው፣ ያዩትን አይተው፣ መልሰው ሰፍተው ልከውላታል ማለት ነው።

ፊቱን አየችው። ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ፣ በፍራሽ ስፖንጅ ላይ መስፋት ያስተማረችው እሷ ናት። «በምስማር ብመታው አይሻልም?» እያለ ያስቃት ነበር። አሁን ጉንጩ ጎድጉዷል።

«ሸጥከኝ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ሸጥኩሽ።» ዓይኑን አላሸሸም። «ልጄን ይዘዋታል። ገና ስድስት ዓመቷ ነው።»

ማደንዘዣውን በመርፌ ሳበች። ውጭ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

«ምን ከተውብህ?»

«ባዶ ፊልም። ለማን እንደምታደርሺ ሊከተሉሽ ነው።»

«የእኛዋስ?»

«እነሱ ያገኙት ከላይ የሰፋኋትን ማታለያ ነው። እውነተኛዋ ከሥር ናት።»

ገባት። ይህንንም ያስተማረችው ራሷ ነበረች። ጥልቅ ቁስል በአንድ ስፌት አይዘጋም። መጀመሪያ ውስጡ ሰውነት ቀስ በቀስ በሚመጠው ክር ይሰፋል፤ ቆዳው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ ቆዳውን ከፍተው ፊልም ሲያገኙ የቁስሉ መጨረሻ መስሏቸዋል።

«ሲስተር፣ አልጨረሽም እንዴ?» አለ ባለ ጫማው።

«መግል ይዟል፤ መታጠብ አለበት። ይግቡና እግሩን ይያዙልኛ!»

ጫማው ወደ ኋላ ሸሸ።

መግል የያዘ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም። ሁለቱም ያውቃሉ። የቁስል መሸፈኛ ጎዝ ጠቅልላ በጥርሱ አስነከሰችው።

ከፈተች።

አልጮኸም። ተረከዙ ብቻ አልጋውን ቧጠጠ። የላይኛውን ስፌት ፈታች፤ ባዶዋን ፊልም ወደ ኪሷ ጨመረች። ከሥር ያለውን ክር በመቀሱ ጫፍ በጠሰች። አተሯ በፒንሴቱ ወጣች።

አጠበቻት። አውራ ጣቷ ላይ አድርጋ በፕላስተር አሸገቻት።

«አሁን ዝጊው» አለ፣ ጎዙን ተፍቶ።

«እንዲህ ያለ ቁስል አይዘጋም። በጎዝ ተሞልቶ ክፍት ይተዋል፤ በየቀኑ እየታጠበ ከሥር ወደ ላይ ይሞላል። ከዘጋሁት መግሉ ደምህ ውስጥ ይገባል።»

«ክፍት ካዩት ከሥር ሌላ እንደነበረ ያውቃሉ። ልጅቷን አይምሯትም።»

«ትሞታለህ።»

«እንደነበረው አድርጊው እህቴ። እንደዚያ በችኮላ የተሰፋ አስመስይው።»

ሰፋችው። መርፌውን ሰዎቹ በበሱት ቀዳዳ እየከተተች፣ ክሩን እያነቀች። እጇ እምቢ ይላት ነበር። አምስት ስፌት። ላብ ያጠመቀውን ግንባሩን ጠረገችለት።

ለባለ ጫማው ኪኒን ሰጠችው። «በየስድስት ሰዓቱ ይስጡት። ነገ ጠዋት ይዘውት ይምጡ፤ ስፌቱ የግድ መፈታት አለበት። የግድ!»

«እሺ፣ እናመጣዋለን» አለ ሰውየው። ፈገግ ብሎ ነበር።

በምሳ ሰዓት ከሠራተኛው ጋር ተቀላቅላ ወጣች። ሁለት ሰዎች ከኋላዋ ተነሱ። ባዶዋን ፊልም ፖስታ ቤቱ ጓሮ፣ የተሰበረ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ሳትዞር አለፈች። አንደኛው ተቀባዩን ሊጠብቅ እዚያው ቀረ።

ሌላኛው አልቀረም።

አውቶቡስ ውስጥ በፊት በር ገባች። እሱም ገባ። በሩ ሊዘጋ ሲል በኋላ በር ወረደች። በመስታወቱ ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲያያት አየችው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ አለቃዋ ፊቷ ተቀመጠ። «አጎቴ» ትለዋለች።

«እስረኞቹ ተገኙ። ሠላሳ ዘጠኙ በሕይወት አሉ» አለ።

«አናጢውስ?»

«በአራተኛው ቀን ሞተ። ትኩሳት ነው አሉ። ልጅቷን ለቀዋታል፤ አያቷ ጋ ናት።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መያዙን ሰምተን ነበር፤ አንቺ ጋ ከመምጣቱ ሦስት ቀን በፊት።»

«ምን?»

«ብነግርሽ ትሸሺ ነበር። ፊልሟም እሱ ጋ ትቀር ነበር።»

ሲስተር ብድግ አለች። የሐሰት መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

ዛሬ ሌላ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ትመዘግባለች። ባልደረቦቿ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዋ መዳፏን በወረቀት መቁረጫው ክፉኛ ሰነጠቀችው። ቢሮው ታመሰ።

«ቁስል ማሰር የሚችል ሰው የለም? እናንተ ሰዎች!»

ዝምተኛዋ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ደብቃ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እኔ ደም አልችልም» አለች።