ለአምስት ደቂቃ ብቻ

ሽማግሌዎቹ ሊገቡ ሩብ ሰዓት ሲቀራቸው እናቴ ወንበሬን ሰረቀችኝ።

ሌላ ቃል የለኝም፤ ሰረቀችኝ። «እስቲ ሶፋው ላይ ተቀመጪ፣ ቀሚስሽ እንዲታይ» አለችኝ፤ እኔም አምኜ ተዛወርኩ። ዞር ስል ተሽከርካሪ ወንበሬ በበሩ እየወጣ ነው። የመናዊቷ ጎረቤታችን ናዕማ ደግሞ ፊት ለፊት በሯን ከፍታ ትጠብቃለች። ተመካክረዋል ማለት ነው!

«እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለአምስት ደቂቃ ነው፣ ኤስቲዬ። መጀመሪያ መልክሽን ይዩ፣ ጨዋታሽን ይስሙ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

«ሌላው እኮ እኔ ነኝ!»

ነጠላዋን እግሬ ላይ ጣል አድርጋብኝ ወደ ኩሽና ሄደች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስራኤል አገር፣ የምኖረው ረሆቮት፣ የምሠራው ነስ ጺዮና ከተማ ነው። እግሬ ከተወለድኩ ጀምሮ አይሄድም፤ አደጋ የለም፣ ታሪክ የለም። ይኼን ስናገር ሰው ቅር ይለዋል። አውቶቡስ ውስጥ ፈረንጁ «ጸቫ ውስጥ ቆስለሽ ነው?» ይለኛል፤ ወታደር ሆኜ ተመትቼ ቢሆን እኮ ሊያጨበጭብልኝ ነው። የኛ ሰው ደግሞ «እግዜር ይማርሽ» ይለኛል፣ ጉንፋን የያዘኝ ይመስል። ዕድሜዬን ሙሉ አሜን ስል ደከመኝ።

ናዳቭን ያገኘሁት በጠብ ነው። ማዝጋን፣ የአየር ማቀዝቀዣ ማለት ነው፣ ይጠግናል፤ መሰላል የተጫነበት ነጭ መኪና አለው። አንድ የሐምሌ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ያንን መኪና እኔ ከእግረኛ መንገዱ የምወርድበት ራምፓ ላይ ገትሮት አገኘሁ። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩት።

«ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያቆምኩት» አለኝ ሲመጣ።

«ሁላችሁም ለአምስት ደቂቃ ነው! የአንተ አምስት፣ የፒዛ አመላላሹ አምስት፣ ልጇን የምታወርደዋ አምስት፤ ዕድሜዬ በእናንተ አምስት ደቂቃ አለቀ እኮ!»

አላዘነልኝም። ላቡን እየጠረገ አየኝ፤ ደግሞ አየኝ።

«ሌላስ የት የት ነው የሚዘጉብሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልቤ ደነገጠ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። «ነገ ና ላሳይህ» አልኩት። መጣ። እኔ እየተራገምኩ፣ እሱ እየሣቀ ሰፈሩን ሁሉ ዞርነው። ወንበሬን ሊገፋልኝ እጁን ሲሰድ «ጠየቅከኝ?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ ነክቶት አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። ይኼንንም ጠይቆ ነው።

በሩ ተንኳኳ። እንደ ወጉ ናዳቭ መምጣት አልነበረበትም፤ ግን ሦስቱን ሽማግሌዎች ከቤኤር ያዕቆብ የሚያመጣ ሌላ ሹፌር አልተገኘም። ከፊት የናዳቭ አያት ወንድም አባ ተዘራ በከዘራቸው ገቡ።

«ኖር!» ብሎ አባቴ ተነሣ። እማዬ ተነሣች። ናዕማ እንኳ፣ አማርኛ ሳትሰማ፣ ተነሣች። እኔ ሶፋው ውስጥ ሰጥሜ ቀረሁ። ወንበሬ ላይ ብሆን ማንም አይቶ ይገባው ነበር፤ ሶፋው ላይ ግን ባለጌ ሆንኩ። አባ ተዘራ «በእግዜር» ሊሉ የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙት።

ዘር መቁጠር ተጀመረ፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩ እንዲረጋገጥ። እኔን ያየኝም የጠየቀኝም የለም። በመጨረሻ አባ ተዘራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘሩስ አልተገናኘም። ግን ልጅቱ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ አትልም። የናቀችንን ልጅ ለልጃችን አንጠይቅም። ተነሡ እንሂድ።»

እናቴ ወለሉን አየች። እኔ በሩ አጠገብ የቆመውን ናዳቭን አየሁ። ላብ በላብ ሆኗል።

«አልነገርካቸውም?»

«ፈራሁ» አለ በቀስታ። «እምቢ ይሉኛል ብዬ። መጀመሪያ ይዩሽ፣ ከዚያ…»

«መጀመሪያ መልኬን! አንተና እናቴ አንድ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የተማራችሁት?» እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከፍቅር እንጃ። «ሁለት ዓመት የወደድከው ማንን ነው፣ ናዳቭ? እኔን ከሆነ እዚሁ ንገራቸው። ካልሆነ ደግሞ አብረሃቸው ሂድ።»

ናዳቭ ወደ እኔ መጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

«ላንሳሽ?»

«አታንሳኝ። ወንበሬን አምጣልኝ።»

ከናዕማ ቤት አወጣው፤ ካልሲ እንዲደርቅ ተሰጥቶበታል። በሽማግሌዎቹ መሃል እየገፋ አሳልፎ አጠገቤ አቆመውና ዞረ።

«አባ ተዘራ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኤስቲ የምትሄደው በዚህ ነው። መንገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው። እርስዎ እምቢ ቢሉኝም እኔ የምፈልገው እሷን ነው።»

ነጠላውን ገፍፌ በራሴ እጅ ወንበሬ ላይ ተዛወርኩ። አባ ተዘራ ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡና በሩን ዘጉት።

አለቀልኝ አልኩ። ናዳቭም ዓይኑን ጨፈነ።

በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። አባ ተዘራ እንደ አዲስ እንግዳ ገቡ።

«ኖር፣ አባ!» አልኩ ራሴን ዝቅ አድርጌ።

«በእግዜር፣ ልጄ፣ በእግዜር! የቅድሙ አይቆጠር፤ አሁን ገና መግባቴ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እግዜር…»

ይማርሽ ሊሉኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«…ያክብርሽ» አሉ።

«አሜን» አልኩ። አፌን ሞልቼ ያልኩት የመጀመሪያው አሜን ነው።

ያኔ ነው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያየሁት። መሰላል የተጫነበት ነጭ መኪና፣ እደጃችን ራምፓ ላይ።

«ናዳቭ! መኪናህን የት ነው ያቆምከው?»

ራሱን አከከ። «አባ ተዘራን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ በር ድረስ ላድርሳቸው ብዬ… ለአምስት ደቂቃ ብቻ…»

አባ ተዘራ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አስጮኹት። «ከራምፓው ላይ? ሂድ አንሳ፣ አንተ ልጅ! ሚስትህ በየት ልትወጣ ነው?»

«ኧረ አባ፣ እኛ እሺ አላልንም እኮ ገና!» አለ አባቴ።

ማን ይስማው። ናዳቭ ቁልፉን ይዞ ሮጦ ወጥቷል። እኔ መስኮቱን ከፈትኩና ቁልቁል ጮህኩበት፤ «ቶሎ በል እንጂ! መጠበቅ ሰልችቶኛል!»