ይዟል

ግንበኛው መጥረቢያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ የብርቱካኑን ዛፍ ዙሪያውን ሲያይ፣ ልጅቷ ቁርሷን ትታ ተነሳች።

«እትዬ፣ ይሄ ካልተነሳ መሠረቱን መቆፈር አልችልም» አለ።

«አንሳው እንግዲህ» አለች አክስቷ። «ልጁ ተተክቷል።»

ልጁ የተባለው ጣሳ ውስጥ ያለው ችግኝ ነው። ዛፉን የተከለው የአክስቷ ሟች ባል ነበር፤ አሁን አርጅቶ የቀረው አንድ ለምለም ቅርንጫፍ ብቻ ነው። አክስቷ ዛፉ ከሚነካ ግንቡ ይቅርብኝ እያለች ስትብሰለሰል፣ ልጅቷ ማዳቀል ትምህርት ቤት ተምረናል ብላ ደረቷን ነፋች። ጣሳ ውስጥ የበቀለ የሎሚ ችግኝ ቅርፊት በምላጭ ሰነጠቀች፤ ከብርቱካኑ ቀንበጥ አንዲት የምታቆጠቁጥ ዓይን ልጣ እዚያ ሸጎጠች፤ በላስቲክ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ከዚያ አላስችል አላትና ያለጊዜው ፈታችው። የተሸጎጠችው ዓይን ጠቁራ መሬት ላይ ወደቀች።

ብዙም ሳይቆይ ከታች፣ ከራሱ ከሎሚው ግንድ፣ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ አለ። አክስቷ ያንን አይታ ያዘልሽ ወይ ብላ ስትጠይቅ እንባ ተናንቋት ነበር። ልጅቷም አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ይዟል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የተያዘችው እሷ ናት። አክስቷ «ዶክተሬ» እያለች ትጠራታለች፤ ጎረቤቱም እየመጣ እጅሽ ይባረክ ብሏታል። ቡቃያው እሾህ ሲያወጣ እንኳ አክስቷ፣ እንደ ባሌ ነው፣ ከልጅነቱ አይነካም ብላ ሳቀች። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ቡቃያው የሎሚው እንደሆነ ግን ታውቃለች። ምስጢሯን ያካፈለቻት የክፍሏ ልጅ፣ «አታካብጂ ባክሽ፣ ፍሬ እስኪያፈራ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል» አለቻት። ያ ትንሽ አጽናንቷት ነበር። ያኔ ግን ዛፉን በእሷ ቃል ተማምነው እንደሚቆርጡት አላሰበችም።

ግንበኛው እጅጌውን ሰበሰበ። ከቅርንጫፉ አንድ ቀንበጥ ሰርቄ ተደብቄ እንደገና ባዳቅልስ ብላ አሰበች። ያም ቢጠቁርስ? ዛፉ ከወደቀ በኋላ ሌላ ዓይን ከየት ይመጣል? መናገሩም ሞት መሰላት፤ ዝም ማለቱም ሞት።

አክስቷ ጣሳውን አቅፋ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደችው።

«አባቱ ሲወድቅ አይይ» አለች እየቀለደች።

ልጅቷ ተከተለቻት። ከችግኙ አንድ ቅጠል ቀጥፋ በጣቶቿ ጨፈለቀችና፣ «አሽትቺው» አለቻት።

«ሎሚ ሎሚ ይላል» አለች አክስቷ ፈገግ ብላ። «ሥሩ ሎሚ አይደል?»

ልጅቷ ወደ ዛፉ ሮጣ ከለምለሙ ቅርንጫፍ ሌላ ቅጠል አመጣች። አክስቷ ሁለቱን እያፈራረቀች አሸተተች። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ልጀምር?» አለ ግንበኛው ከወዲያ።

«ቆይ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። ከዚያ አክስቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «አልያዘም፣ አክስቴ» አለች። «ያኔም አልያዘም ነበር።»