የማይቆረቁረው ጀግና

የተከታታይ ድራማው ደራሲ ስቱዲዮው ወለል ላይ ተደፍቶ ሞቷል፤ አጠገቡ ደግሞ ሁለት ሰዎች ቀጣዩ ልዕለ ኃያል ጀግና ምን ዓይነት ይሁን እያሉ ይከራከራሉ። መርማሪዋ በሩን ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ይህንን ነበር፤ ደሟ ፈላ።

«ሰው ሞቶ እናንተ ድራማ ትመርጣላችሁ?»

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ክራቫቱን አስተካከለ። «እኛም አዝነናል። ግን ምርጫው ዛሬ ማለቅ አለበት። ጥፋተኛውም እኮ ተይዟል።»

የተያዘው ገመድ ሳቢው ነው፤ የሚበረውን ተዋናይ በቀበቶ አስሮ በሞተር ወደ ላይ የሚያነሣ ሽማግሌ። እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። እንደ ሥራ አስኪያጁ አባባል ደራሲው ማልዶ መጥቶ ብቻውን ሊበር ሞከረ፤ ሽማግሌው ቀበቶውን ከገመዱ ጋር የሚያያይዘውን የተበላሸ መንጠቆ ሳይጠግን ትቶ ስለነበር ወደቀ። ይህ ከጸና ሽማግሌው ቀሪ ዕድሜውን የሚጨርሰው እስር ቤት ነው።

መርማሪዋ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። መንጠቆው ደህና ነው፤ አልተቆለፈም እንጂ። ቀበቶው ግን ከጀርባ ተቆልፏል። እጇን ወደ ራሷ ጀርባ ሰድዳ ሞከረች፤ አልደረሰላትም። በሟቹ ሁለት ብብቶች ሥር፣ በሸሚዙና በቀበቶው መካከል፣ በጥንቃቄ የታጠፈ ፎጣ ተወሽቋል።

«ክርክራችሁ ምን ነበር?»

«ሟቹ ግትር ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የሚበር ጀግና ሰለቸን፣ ጭልፊት ይብቃ አለ። አዲሷ ጀግና ውሸት ሲነገር ጆሮዋ የሚጮህባት የአውቶቡስ ሾፌር ትሁን አለ። አሮጊት! አትበር፣ ጭምብል የላት! እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጃት ነበር፤ ዛሬ ላጸድቃት ነበር። አሁን ግን ማን ይጽፋታል? ወደ ጭልፊት መመለሳችን ነው።»

ጭልፊት የተባለው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲከራከር የነበረው ዋናው ተዋናይ ነው፤ በጣቢያው በቀበቶ የሚበር እሱ ብቻ ነው፤ እናቱ እንኳ በዚሁ ስም ነው የምትጠራው። ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«አንተስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«መዋቢያ ክፍሌ። እዚህ ዝር አላልኩም።»

«ቀበቶው አይቆረቁርም?»

ሳቀ። «እኔን? ጭልፊት እኮ ነኝ! ሶፋ ላይ እንደ መቀመጥ ነው።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ቀበቶው ያማል?»

«ምኑን አውቄ ልጄ? ከፍታ እፈራለሁ፤ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ጭልፊት ግን አማርሮ አያውቅም።»

«ሲያስሩት ከሥሩ የሚያደርጉት ነገር አለ?»

«ምን አደርጋለሁ? ማጥበቅ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ገመዱ ሥር ሰበሰበች። የሽማግሌውን ካቴና አስፈታችና አብሯት የመጣውን ወፍራም ፖሊስ ወደ ፊት ገፋችው። «ጋሼ፣ እንደ ወትሮው እሰሩት።»

ሞተሩ አጉረመረመ። የፖሊሱ እግር ከወለሉ ከመነሣቱ ጩኸቱ ስቱዲዮውን ሞላው። «ወይኔ ብብቴ! አውርዱኝ!»

ሽማግሌው ደንግጦ አወረደው። «ጭልፊት እኮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም…» አለና ወደ ተዋናዩ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

«ማንም ቢሆን ይህን ቀበቶ ብቻውን ሊቆልፍ አይችልም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ አሳሪ ነበረው። ጋሼ ማሰር እንጂ መታሰርን አያውቁም፤ ፎጣ አይወሽቁም። ሥራ አስኪያጁም በቀበቶው በርረው አያውቁም። እንደሚያም የሚያውቀው የበረ ሰው ነው፤ እዚህ ጣቢያ ደግሞ ካንተ በቀር የበረ የለም። ጀግናው አመመው እንዳይባል ፎጣውን ልብስህ ሥር ደብቀህ ኖርክ። ደራሲውን ስታስርም እጅህ የለመደውን ሠራ። ሸሚዝህን ክፈት!»

ተዋናዩ አልከፈተም። ፖሊሱ ከፈተው፤ ብብቱ ሥር ቆዳው ጠቁሮ ጠባሳ ሆኗል።

«አንዴ በርና ከዚያ ከድራማው አውጣኝ አልኩት» አለ ተዋናዩ እያለቀሰ። «ወርዶ ሳቀብኝ። 'የምትኮራው በዚህ ነው?' አለኝ። እንደገና አንሣኝ ሲለኝ መንጠቆውን ሳልቆልፍ አነሣሁት። በአሮጊት ልተካ?»

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ እያበራ ወደ መርማሪዋ ተጠጋ። «ቀጣዩ ጀግና ተገኘ! ከፎጣ ነፍሰ ገዳይ የምታወጣ መርማሪ! እርስዎ ካማከሩን…»

«ዝም በል!» አለችው፤ አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «እኚህን አባት ያለ ጥፋታቸው ልታስበላቸው ነበር። የሟቹ እናት ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ ስመጣ አገኘኋት፤ ልጅሽ ስብሰባ ላይ ነው አስብለሃታል። ተነሥ፣ ሂድና ንገራት!»

ሥራ አስኪያጁ ከቆመበት አልንቀሳቀስ አለ።

«እኔ ልንገራት ልጄ» አለ ገመድ ሳቢው በቀስታ።

«አይሆንም ጋሼ» አለች መርማሪዋ፤ ሥራ አስኪያጁን በክንዱ ይዛ ወደ በሩ እየጎተተችው። «ይሄኛው ነው የሚነግራት።»