የጎረቤቷ ልጅ

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ይተፋል። ሚጣ ትኩስ ትኩሱን እየተቀበለች ስትደረድር ዓይኗ አንዱ ላይ ዐረፈ። ሻርፕ ያሰረች ሴት መድኃኒት ቤት ውስጥ ተንበርክካ ያሳያል ሥዕሉ። ከላዩ «ላ ቯዚን» ይላል። ጎረቤቷ ማለት ነው።

«ይሄ የኛ ክፍል ታሪክ አይደል?» አለች በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ።

ወጣቷ የቋንቋ መምህርት፣ ሁሉም «ማዳም» የሚሏት፣ ፈገግ አለች። ወረቀቱ ዛሬ ከሰዓት ለሚጀምረው የአዋቂዎች ክፍል እንደሆነ፣ የሚጣን ታሪኮች የሚያህል መማሪያ ከየትም እንደማታገኝ ነገረቻት። እዚያ ክፍል ከተመዘገቡት አንዷ የሚጣ እናት ናት።

የማዳም አሠራር እንዲህ ነው። ተማሪዎቿ በሙሉ ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ስለሆኑ መጽሐፉን ትታ ከኑሯቸው ታስተምራቸዋለች። በየሳምንቱ አንድ ልጅ በሱቅ፣ በአውቶቡስ ወይም በሠፈር የገጠመውን ያወራል። ማዳም ሥዕል ትሥልበታለች፤ የሳምንቱ ቃላት ከዚያ ይወጣሉ። የሚጣ ተራ ሲደርስ የራሷን ማውራት አሳፈራት። የእናቷን አወራች፤ ግን «እናቴ» አላለችም። «ጎረቤታችን» አለች።

ያቺ ጎረቤት አውቶቡስ ውስጥ ፌርማታ የሚጠራውን የቴፕ ድምፅ «ሜርሲ» እያለች ታመሰግናለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከዚያ ቀን ማንም ዞር ብሎ አይቷት የማያውቃትን ልጅ በእረፍት ሰዓት ከበቧት። ጨምሪ አሏት፤ ጨመረች። አሳንሰር ውስጥ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እየጨበጠች ሰላም ያለችበትን ነገረቻቸው። በመጨረሻ የመድኃኒት ቤቱን አመጣች። ጎረቤቷ የጉልበት መድኃኒት ፈልጋ ቃሉ ሲጠፋት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበቷን መታ መታ ታደርጋለች፤ ባለመድኃኒቷ ደግሞ ሴትዮዋ ራሷን ልትስት መስሏት ወንበርና ውሃ ይዛ ትሮጣለች። ክፍሉ «ለ ዥኑ»፣ «ላ ዱለር»፣ «ላ ፖማድ» የሚሉትን፣ ጉልበትን፣ ሕመምንና ቅባትን፣ የተማረው ከዚህ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ሚጣም ስትስቅ እዚህ ደረሰች።

እናቷ ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላ ትተኩሳለች። ጉልበቷ ማታ ማታ ያብጣል። አለቃዋ፣ ቋንቋውን ትንሽ ከቻልሽ ቁጭ ብለሽ የእንግዶችን ልብስ የምትረከቢበት ቦታ እሰጥሻለሁ ብላታለች። እናትየዋ ግን ከመድኃኒት ቤቱ ወዲህ ብቻዋን ሱቅ መግባት እንኳ ትፈራለች። ትምህርቱን የተመዘገበችው ሚጣ ለምናት፣ ለምናት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን የሰው መሳቂያ ሆና ራሷን ወረቀት ላይ ካገኘች በዚያ በር ሁለተኛ አትገባም።

«ማዳም፣ ይሄን ተዪው» አለች ሚጣ። ማዳም ለምን ብላ ጠየቀቻት። በአማርኛ ቢሆን ትለምን፣ እግሯ ላይ ትወድቅ ነበር። በፈረንሳይኛ አፏ ላይ የመጣላት ጉልበት፣ ሕመምና ቅባት ብቻ ሆነ። ማዳም ልጅቷ ያፈረች መሰላትና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጋ ወረቀቶቹን ይዛ ሄደች።

ሚጣ የክፍል ጓደኛዋን ቀጮን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ አማርኛ የሚችል እሱ ብቻ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው።

«ቆይ፣ ላ ቯዚን ማዘርሽ ናት?» አፉን በእጁ ያዘ። «እኔ ደሞ ስንቴ ሙድ ይዤባታለሁ!» ጥቂት አሰበ። «አቦ ቀላል ነው። ትምህርቱ ተሰርዟል በያትና ትመለስ።»

«ነገስ?»

«የነገውን ነገ ታስቢበታለሽ።»

እናቷ በሩ ጋ ስትደርስ ሚጣ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። እናቷ ፈረቃ ተቀያይራ፣ የክት ጫማዋን አድርጋ፣ የተቀረጸ እርሳስ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

«እማ፣ ዛሬ ትምህርት የለም አሉ። ተሰርዟል።»

እናቷ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ሚጣ ቅሬታ ነበር የጠበቀችው። ያየችው ግን እፎይታ ነው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ከበዳት።

«እሰይ» አለች እናቷ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ መንገድ ላይ ልመለስ፣ ልመለስ ሲለኝ ነው የመጣሁት። በቃ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም። ቆሞ መተኮሱን ለምጄዋለሁ።» ለመነሳት የሚጣን እጅ ያዘች። ስትነሳ ጉልበቷ ቋ አለ።

ሚጣ ያንን ድምፅ ሰማች። እጇን ሳትለቅ፣ «ዋሽቼሽ ነው» አለቻት። «ትምህርቱ አለ። ግን እማ፣ እዚያ ስትገቢ...»

ማዳም ከበሩ ብቅ አለች። «ቦንዡር» ብላ የእናቷን ክንድ ያዘችና እየሳቀች ወደ ውስጥ መራቻት። እናቷ ነገሩ ምን እንደሆነ በዓይኗ እየጠየቀች፣ ወደ ኋላ እየዞረች ገባች።

ሚጣ ገርበብ ባለው በር አጠገብ ቀረች። አንድ ሹፌር፣ አንዲት ሞግዚትና አንድ ግንበኛ ልጆች በሚቀመጡበት ጠባብ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ማዳም ታሪኩን ረጋ ብላ፣ በእጇ እያሳየች አነበበች። ስትንበረከክ ክፍሉ ሳቀ። እናቷም አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ሥዕሉን አየች፤ ሻርፑን አየች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ሚጣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ማዳም ሰሌዳው ላይ መጠየቂያ ቃላት ጻፈችና አነበበችላቸው፤ ማን፣ የት፣ ለምን፣ ከማን ጋር። ሁሉም ስለ ጎረቤቷ አንድ ነገር እንዲጠይቅ ነገረቻቸው። ሹፌሩ የት ብሎ ጠየቀ። ሞግዚቷ ለምን አለች። የእናቷ ተራ ደረሰ። እናቷ እርሳሷን መልሳ በመሐረቡ መጠቅለል ጀመረች። አለቀ፣ አለች ሚጣ በልቧ። አሁን ትነሳለች፤ ትሄዳለች፤ ዕድሜ ልኳን ቆማ ትተኩሳለች።

እናቷ ግን አልተነሳችም። ሰሌዳውን ትክ ብላ አየች።

«ላ ቯዚን...» አለች። «አቬክ ኪ?»

ጎረቤቷ ከማን ጋር ነበረች?

ማዳም ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየች። ሌላ ሰው የለበትም። ብቻዋን ነበረች ብላ መለሰችላት። እናቷ የሚያውቀውን መርዶ እንደተረዳ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

ያን ቀን እናቷ ብቻዋን አልነበረችም። ወለሉ ላይ ሆና «ሚጣ፣ ሚጣዬ» እያለች ስትጣራ ሚጣ ጥግ ላይ ያለው ሚዛን ላይ ወጥታ፣ እንደማታውቃት ሆና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ኪሎዋን ታይ ነበር። ይህን ለማንም አላወራችም።

በሩን ገፍታ ገባች።

«ኖን፣ ማዳም» አለች። «ላ ቯዚን... ልጅ አላት።»

ማዳም ግራ ተጋብታ፣ ልጅቷ የት ነበረች ብላ ጠየቀቻት። ሚጣ የሚዛንን ስም በፈረንሳይኛ አታውቀውም። ስለዚህ በሁሉም ፊት ጀርባዋን ለእናቷ ሰጠች፤ እግሮቿን ገጠመች፤ አንገቷን ደፍታ ከእግሯ ሥር ቁጥር እንደምታነብ ሆነች። ግንበኛው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ሚጣ አንገቷን እንደደፋች ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ላ ባላንስ» አለች ማዳም፣ ቃሉን ሰሌዳው ላይ እየጻፈች።

እናቷ እርሳሷን ከመሐረቡ ፈታች። ፊደሎቹን ከሰሌዳው እያየች፣ ቀስ ብላ ሥዕሉ ጥግ ላይ ጻፈቻቸው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሳች። ሚጣ ሄዳ ተቀመጠች።