የአባቷ ሳፓው

«ተጫወቺ እንጂ! ካርታው እጅሽ ላይ ሊያረጅ ነው» አሉ ጎረቤቷ ሴትዮ አሊንግ ፑሪንግ፣ የሐብሐብ ፍሬ በጥርሳቸው እየሰነጠቁ።

ሮስቪ ዓይኗን አሸት አድርጋ ካርታዎቿን አየች። ሁለት ስምንት፣ አንድ ሦስት። ቁጥሮቹ ይደበዝዙባታል። በራቸው ላይ በተወጠረው ሸራ ስር የከሰዓቱ ሙቀት ታምቋል። እግሯን ባንቀሳቀሰች ቁጥር የፍሬ ቅርፊት ከጫማዋ ስር ይንኮሻኮሻል። ሬሳ እስኪወጣ ድረስ ቤት ስለማይጠረግ፣ የሰሞኑ ቅርፊት ሁሉ ወለሉ ላይ ነው።

ከኋላዋ፣ በተከፈተው በር ውስጥ፣ የአባቷ የሬሳ ሳጥን አለ። አጠገቡ እናቷ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተኝታለች። አባቷ ከወደቀ ወዲህ ገና አሁን መተኛቷ ነው።

ሟች ብቻውን አይተውም፤ የሚያመሽና የሚውል ሰው ያስፈልጋል። ካርታው የሚመጣውም ለዚሁ ነው። ቀን ላይ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲበተን ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ቀሩ። ያኔ እናቷ «ካርታው ድው ድው ሲል ከሰማሁ ዓይኔን ልከድን እችላለሁ» አለች፤ ከደነችም። አንደኛው ሰውዬ ተነስቶ ሲሄድና ጠረጴዛው ዝም ሲል ግን ወዲያው ነቃች። «ሄዱ እንዴ?» ብላ ቀና ልትል ስትሞክር ሮስቪ ሮጣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጨዋታው ያለ ሦስት ሰው አይሆንም።

ወንበሩ አባቷ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ነበር። እሱን ለማሰብ እንኳ ደክሟታል።

«ይቺን ልዝጋና ልሂድ» አሉ ማንግ ቲኖ። ከአባቷ ጋር በአንድ መስመር ጂፕኒ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ልብ ያለባቸውን አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ደርድረዋል፤ እጃቸው ላይ የቀሩት ሁለት ካርታ ብቻ ናቸው። «ተሳፋሪ ፀሐይ ላይ ቆሞ እየሰደበኝ ነው።»

«አንተ ከሄድክ እኔ ከማን ጋር ልጫወት ነው? ከዝንቦቹ ጋር? እኔም ልብሴን ከገመድ ላይ ላውርድ እንግዲህ።»

«ቀስ በይ፤ ሴትዮዋን ትቀሰቅሻታለሽ።»

«እሱ ቢኖር መቼ ያዘጋህ ነበር!» አሉ አሊንግ ፑሪንግ በሹክሹክታ፣ በአገጫቸው ወደ ሳጥኑ እየጠቆሙ።

«አታንሺብኝ! ያ ሰውዬ በሳፓው ስንቴ አቃጥሎኛል።»

ሮስቪ ሳቅ መጣባት፤ ግን ለመሳቅም ጉልበት አልነበራትም። ሳፓው ማለት ሌላው ሰው ጠረጴዛ ላይ በዘረጋው ካርታ ላይ የራስን መደረብ ነው። ብዙ ሰው የማይጠቅመውን ካርታ ለማራገፍ ነው የሚጠቀምበት። ሌላም ሕግ አለው፤ የተደረበበት ሰው ተራው ሲደርስ «ዘጋሁ» ብሎ ጨዋታውን ማስቆም አይችልም። አባቷ የሚወደው ይህንን ነበር። ትከሻው ላይ ተደግፋ ስታይ፣ ሊያሸንፍበት የሚችለውን ካርታ አንስቶ የእንግዳው ረድፍ ላይ ይደርበዋል።

«ታታይ፣ አሸንፈህ ነበር እኮ!» ትለዋለች አባቷን።

«ገና በጊዜ?» ይላታል። «ይልቅ ሻይ ጣጂ።»

ካርታ አይችልም ብላ ነበር የምታስበው። ለጓደኞቿም እንደዚያ ብላ አውርታበታለች።

«ሮስቪ! ተራሽ ነው እኮ፤ ተኛሽ?»

እጇን ሰዳ ከክምሩ ላይ አንድ ካርታ አነሳች። ስምንት። ልብ ያለበት።

ሦስት አንድ ዓይነት ካርታ አብሮ ይዘረጋል፤ ስምንቶቹን ዘርግታ ባለ ሦስት ቁጥሯን ብትጥል እጇ ባዶ ይሆናል፤ ታሸንፋለች፤ ጨዋታውም ያልቃል። ከዚያ ጓዳ ገብታ ምንጣፉ ላይ መዘርጋት ነው። የምንጣፉ ቅዝቃዜ ሳይቀር ጀርባዋ ላይ ተሰማት። ዝም ብላ ባለ ሦስት ቁጥሯን ብቻ ብትጥልም ማንግ ቲኖ ይዘጉታል። በየትኛውም በኩል ቢሆን ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ድው ድው የሚለው ድምፅ ያቆማል።

ወደ ኋላዋ ዞረች። እናቷ አፏ በትንሹ ተከፍቷል። አንድ እግሯ ከጫማው ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ አርፏል።

ሮስቪ ስምንቷን በማንግ ቲኖ ሰባት ላይ ድው አድርጋ ደረበች። ቀጥሎ ባለ ሦስት ቁጥሯን ጣለች።

«ሳፓው» አለች።

«ኧረ አንቺ ልጅ!» ማንግ ቲኖ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ደረሱ። «ልዘጋ አልነበር?»

አሊንግ ፑሪንግ አንገታቸውን አስግገው የልጅቱን እጅ ሰረቅ አድርገው አዩ። «ሁለት ስምንት ይዛ! ዘርግተሽ አትጨርሺም ነበር እንዴ? ምን ነካሽ?»

ሮስቪ «ገና በጊዜ?» ልትል አሰበች፤ ግን ተወችው። አንዴ ብቻ ወደ በሩ አየች።

ማንግ ቲኖ ዓይኗን ተከትለው ወደ ውስጥ አዩ። ሳጥኑን፣ ቀጥሎ የተኛችውን ሴት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«የዚያ ሰውዬ ልጅ» አሉ፣ አፍንጫቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «ተሳፋሪውም በእግሩ ይሂድ። ፑሪንግ፣ ይቺ ስታልቅ አዳዩ አንቺ ነሽ።»

«ልብሴስ?»

«ዝናብ ያጥብልሻል።»

ሮስቪ ልታመሰግናቸው ፈለገች። ለቅሶ ቤት ግን ማንም ማንንም አያመሰግንም። ፍሬ ያለበትን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማንግ ቲኖ ገፋችው፤ ጀርባዋን አቅንታም ተራዋን መጠበቅ ጀመረች።