ዘጠኝ ስፌት

ሟቹ የተገኘው ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ። ጭኑ ላይ የቆዳ ቀበቶ ተጋድሟል፤ ከንፈሩ ላይ አረፋ ደርቋል፤ ዓይኑ እንደፈጠጠ ቀርቷል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ጠዋት አንሶላ ልታጥብ ስትገባ አየችውና እንቅልፍ የጣለው መሰላት። «ተነስ እንጂ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ» አለችው። ሁለቴ አለችው።

ሰውየው አስጎብኚ ነበር። ስሙን የሚያስታውስ አልነበረም፤ ሁሉም «ደራሽ» ነው የሚሉት። ማረፊያው የአገሩን ቋንቋ የማያውቁ መንገደኞች የሚያርፉበት ነው፤ ባለቤቷ ራሷ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነሱ አገር መጥታ እዚያው የቀረች ናት። ከተማዋ ደግሞ ለኪስ አትመችም። የአንዱ ቦርሳ ሲሰረቅ፣ የሌላዋ ፓስፖርት ሲጠፋ፣ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ይዞ ይሮጣል፣ ይተረጉማል፣ ባንክ ደውሎ ካርድ ያዘጋል፣ ኤምባሲ ደጃፍ አብሮ ይሰለፋል። የተሰረቀበት ሰው ሁሉ መርቆታል። እኔ ግን እንዲህ ያለ መጠን ያለፈ ምርቃት ስሰማ አስቀድሜ ኪሴን ነው የምዳብሰው።

ለጉዳዩ የተጠራችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ስለምትወጋ ነው የሚሉም አሉ። እናቷ ከእንግዶቹ አገር ስለሆነች አፏን የፈታችው በነሱ ቋንቋ ነው። ወደ ግድያ ምርመራ ከመዛወሯ በፊት በባቡር ጣቢያው ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ሌባ አራግፎ የጣለው ቦርሳ ሁሉ በእጇ አልፏል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «መርዝ ነው፤ ምላሱና ድዱ ተለብልቧል። ሽታው ከከብት መዥገር የሚያራግፉበትን መድኃኒት ይመስላል» አላት።

መርፌ ተንበርክካ ቀበቶውን አየች። የመንገደኛ ቀበቶ ነው፤ ከውስጥ በኩል ወርቅና ወረቀት የሚደበቅበት ኪስ አለው፤ የኪሱ አፍ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ከዘጠኙ ስፌት ሰባቱ ተበጥሷል፤ ሁለቱ አልተነካም። የተበጠሰው ክር ጫፍ ጫፉ የተኘከ ነው። በእርሳሷ የሟቹን ከንፈር ገለጥ አደረገች። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጥጉ ተሸርፏል፤ በተሸረፈው በኩል ብጣሽ ጥቁር ክር ተሰክቷል።

«በጥርሱ ነው የሚፈታው» አለች።

«ቢላ አጥቶ ነው?» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን።

«ኪሱ ውስጥ ቢላ የተገኘበት ሰው ብዙ ይጠየቃል። ስለ ጥርሱ ማን ይጠይቀዋል?»

የቀሩትን ሁለት ስፌቶች በመቀስ ቆረጠች። ከኪሱ ወርቅ አልወጣም፤ የወጣው ጣት የምታህል አሮጌ የቆዳ ቁራጭ ናት። ጠርዟ ላይ የንክሻ ምልክት አለ፤ ከምልክቶቹ አንዱ ጥጉ የጎደለ ነው። መርፌ ቁራጯን ከሟቹ ጥርስ አጠገብ ይዛ ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት።

የማሽኑ የጀርባ ክዳን ሁለት ቡሎን ጎድሎታል። ሳጅኑ ሲስበው ተነቀለና ውስጡ የተከመረው ዕቃ ተዘረገፈ፦ ቦርሳ፣ ስልክ፣ ሰዓት፣ ፓስፖርት፣ አንዲት ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙስ። ደራሽ ለምን ከሁሉ ቀድሞ ይደርስ እንደነበር ያን ጊዜ ለሳጅኑ ገባው።

ማረፊያው ውስጥ ከባለቤቷ ሌላ የነበሩት ሦስት እንግዶች ብቻ ናቸው። መርፌ በምግብ ቤቱ ጥግ ወንበር ስባ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የመጣው ነጋዴው ነው፤ ወንበሩ የጠበበው ሰው።

«ቦርሳዬ ሄደ፣ ካርዴ ሄደ፣ ሚስቴ የገዛችልኝ ሰዓት ሄደ። ካርዱስ ይተካል። ሚስቴን ምን ልበላት?»

«ሌባው ደራሽ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ባውቅማ እናንተን አላስቸግርም ነበር፤ አምቡላንስ ነበር የምጠራው።»

«ቀበቶው የእርስዎ ነው?»

«ይኼ? ይኼ ሆዴን በግማሽ አያልፍም።»

«የሟቹ መታወቂያ አልተገኘም። ዕድሜው ስንት ይመስልዎታል?»

«ሃምሳ አይሆነውም? መላጣ አይደል።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ገባች። ፓስፖርቷ ከተሰረቀ አሥራ ስድስት ቀኗ ነው፤ አገሯ ያለችው አንዲት ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀን እየቆጠረች ነው። ገና ሳትቀመጥ ሳጅኑ ከቦርሳዋ ያገኘውን የጥቁር ክር ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይኼ ክር ሬሳው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ትናንት እራት ላይ ደግሞ ‹አግኝቼው እጁን ከኪሱ ጋር ባልሰፋው› ብለዋል። ሁሉም ሰምቷል።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ልብስ ሰፊ ቦርሳ ውስጥ ክር አገኘሁ ብለህ ልታስረኝ ነው? ዳቦ ቤት ገብተህ ዱቄት ስታገኝስ ምን ልታደርግ ነው?»

መርፌ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የስፌቱን ፎቶ ከስልኳ አሳየቻት። «እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችና ከንፈሯን ጣል አደረገች። «ይኼ ስፌት አይባልም። እያንዳንዱ ለብቻው ታስሯል። የእኛ ስፌት አንድ ጫፍ በጥሰሽ ሳብ ስታደርጊው ይተረተራል። ይኼን የሠራ ሰው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም።»

«ሆን ብለው አበላሽተውት ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«እኔ ሆን ብዬ እንኳ እንዲህ አላበላሽም» አለችው። ሜትሯን ግን ከአንገቷ አውርዳ ጨበጠችው። ልጇ ያለ እናት ስታምጥ ታይቷት ነበር።

የማረፊያው ባለቤት ከእልህ በቀር ሌላ የምትናገረው አልነበራትም። በነጻ አስተኝታዋለች፣ ከማዕዷ አብልታዋለች፤ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ቁልፍ ከሷ ሌላ የያዘው እሱ ብቻ ነው። «ሞቶም አልበረደልኝም» አለች ዓይኗን በመሀረብ እየጠረገች። «ቆሞ ቢሆን የምለው ነበረኝ።»

መጨረሻ የገባው ከአምስት ቀን በፊት የመጣው ሽማግሌ ነው፤ ነጭ ጢም ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ሻንጣውን ዘግቶ እግሩ ሥር አኖረው። እጀታው ተበጥሶ በጥቁር ክር ተጠግኗል፤ ትንንሽ ቋጠሮዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የመርፌ ዓይን እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ከእርስዎስ ምን ተሰረቀ፣ አባባ?»

«ምንም።»

«ይህ ቀበቶ የእርስዎ አይደለም?»

«ምንም አልጠፋብኝም አልኩሽ፣ ልጄ።»

«ሟቹን ያውቁታል?»

«ሰላም ይለኝ ነበር። ጥሩ ይስቃል።»

«ዕድሜው ስንት ይሆናል?»

«ሠላሳ ስድስት፤ ቢበዛ ሠላሳ ሰባት። መላጣው ያሳስታል እንጂ ጥርሱ ገና ነው።»

መርፌ ጻፈች። «ሥራዎ ምን ነበር?»

«ዕድሜዬን ከከብት ጋር ነው የጨረስኩት።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ከልብስ ሰፊዋ ወንበር ኋላ ቆመ። ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ክሩ የሷ፣ ዛቻው የሷ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

«ደራሽ ሌባ ነበር» አለች መርፌ። «የሞተውም በሙያው ነው። የሰረቀውን ቀበቶ በጥርሱ ሲፈታ ክሩ በመርዝ ተነክሮ ጠበቀው። ስለዚህ ገዳዩ ጥርሱን እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያውቅ ሰው ነው። ክሩ ከእትዬ ጥቅል ነው፤ ሳጅኑ በዚህ አልተሳሳተም። ስፌቱ ግን የእሳቸው አይደለም። የልብስ ስፌት አንዴ ተነክሶ ይተረተራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አፍ ይነካዋል። ይህን የሰፋው ሰው አንድ ጊዜ አልበቃውም። ዘጠኝ ጊዜ እንዲነክስ ነው የፈለገው፤ ደራሽ ግን ሰባተኛው ላይ ሞተ።»

ነጋዴው ሳያስበው አፉን በእጁ ሸፈነ።

«እያንዳንዱ ለብቻው የሚታሰር ስፌት የት ነው ያለው? ቁስል ላይ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ሐኪም እንዲህ ነው የሚሰፋው። እዚህ ቤት ሐኪም ነኝ ያለኝ ሰው የለም። ግን አንድ ሻንጣ አለ፤ እጀታው ልክ እንደ ቁስል የተሰፋ።»

ማንም ወደ ሽማግሌው አልዞረም። ሁሉም ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ።

«ሁላችሁንም ምን ተሰረቀባችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ቀበቶ የእኔ ነው ያለ ሰው አላገኘሁም። የተሰረቀበትን ዕቃ የማይጠይቅ ሰው፣ እንዲሰረቅለት የፈለገ ሰው ነው። ምንም አልተሰረቀብኝም ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ዕድሜውንም ጠየቅሁ። አንዱ ሃምሳ አለኝ፣ አንዷ አርባ አምስት፣ አንዷ እንጃ። ሁሉም ያዩት መላጣውን ነው። አንድ ሰው ብቻ በጥርሱ ቆጠሩለት። ዕድሜን በጥርስ የሚቆጥር ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነው።» የቆዳ ቁራጯን አወጣች። «ይህቺ ቀበቶው ውስጥ ነበረች። አሮጌ ናት፤ ንክሻው ግን የዚሁ ሰው ነው። ደራሽ ይህን ቆዳ ቀድሞ በልቶታል።»

«እንግዲህ ክሩን ከየት አመጡት?» አለ ሳጅኑ እጁን ከልብስ ሰፊዋ ትከሻ ሳያነሳ። «ከእሷ ነው። ተባባሪ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ተነሳ።

«ተዋት፣ ልጄ። ሻንጣዬ ተበጥሶ ስታየኝ አዝና ነው ክሩን የሰጠችኝ። እኔ ልስፋልዎት ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት።»

ሳጅኑ እጁን አነሳ።

«አርባ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ» አለ ሽማግሌው። «የዛሬ ሦስት ዓመት ባለቤቴን ለልብ ሕክምና ይዣት መጣሁ። መድኃኒቷን፣ ወረቀታችንን፣ ያለንን ሁሉ እንዲህ ባለ ቀበቶ ሰፍቼ ታጥቄ ነበር። ባቡር ላይ ከወገቤ ቆረጡት። ይኼ ሰው ደረሰልን። ቀበቶው ውስጥ የልብ መድኃኒት አለ፣ ያለሱ አትቆይም አልኩት። እጄን ይዞ ‹አይዞዎት አባባ› አለኝ። ያለ ወረቀት ሐኪም ቤቱም አላስገባን፣ መድኃኒት ቤቱም አልሸጠልን። ዘጠኝ ቀን ቆየች። ዘጠኙንም ቀን እየመጣ ሲስቅልን ነበር።»

የማረፊያው ባለቤት ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች።

«ከቀበርኳት በኋላ ባዶውን ቀበቶ ከቆሻሻ ገንዳ አገኘን ብለው መለሱልኝ። ንክሻውን ሳየው አወቅሁት፤ ሲስቅልን ያየሁት ሽርፍ ጥርስ ነው። ለፖሊስ ነገርኩ፤ ከላም ጋር አልተምታታብዎትም ወይ ብለው ሳቁብኝ። ሦስት ዓመት አስቤበት መጣሁ። አላወቀኝም። የስንቱን ፊት ያስታውስ? እንደዚያው ያለ ሌላ ቀበቶ ሰፍቼ አሳየሁት። የልብ መድኃኒቴ እዚህ ውስጥ ነው፣ ያለሱ ሦስት ቀን አልቆይም አልኩት፤ ያኔ ባልኩት ቃል። ትናንት ትራሴ ሥር ትቼው ወጣሁ። ቢተወው ኖሮ ዛሬ ጠዋት ሻዩን ይጠጣ ነበር።»

«የአሮጌውን ቀበቶ ቁራጭ ለምን ከተቷት?» አለች መርፌ።

«ማን እንደገደለው እንዲያውቅ ነበራ። ሰባተኛው ላይ ቀረብኝ። የሚቆጨኝ እሱ ነው።»

ቀጥሎ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «አንቺን መንካቱን አላሰብኩም። ይቅር በይኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ነበር። መርፌ ከዕቃው መካከል ፓስፖርቷን ፈልጋ እጇ ላይ አኖረችላት፤ ከዚያ ቡናማዋን ጠርሙስ አነሳች። ጠዋት ሲያገኟት የማን እንደሆነች አልገባትም ነበር። ላይዋ ላይ የሴት ስምና የዛሬ ሦስት ዓመት ቀን ተጽፏል።

«ያን ጊዜ ያረፉት የት ነበር፣ አባባ?»

ሽማግሌው በአገጩ በመስኮቱ አሳያት። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሕንፃ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ።

መርፌ ጠርሙሷን ሰጠችው። ስሙን አነበበ። ነቀነቃት፤ ሙሉ ናት። የክዳኗ እሽግ እንኳ አልተቀደደም። ደራሽ ምን እንደሆነች አላጣራም፤ አልሸጣትም፤ አልጣላትም። ማሽኑ ጀርባ ወርውሮ ረስቷታል።

«ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ልቤን ይዞኝ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ምናልባት መድኃኒቷን ያኔውኑ ጥሏት ይሆናል፣ ቢፈልግም ሊመልስልኝ አይችልም ነበር ይሆናል እያልኩ። ሰው ነው የገደልኩት እያልኩ።» ጠርሙሷን ጨበጣት። «አሁን ለቀቀኝ።»

መርፌ ጠርሙሷን የሰጠችው ታጽናናው እንደሆነ ብላ ነበር፤ ከጸጸቱ ትፈታዋለች አላለችም። ሽማግሌው ሁለት እጁን ለሳጅኑ ዘረጋ፤ ካቴናው ገባ። ጠርሙሷ በጡጫው ውስጥ ቀረች፤ ‹ይመልሷት› ያለው ሰው አልነበረም።