ደህናው ሞተር

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለፈተና ይምጣ። ከቀረ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» አለና ሰውዬው ስልኩን ዘጋው።

ልጅቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስልኩ አባቷ ረስቶት የወጣው ነው። የደወለው ደግሞ አባቷ ሥራ የጠየቀበት፣ ከከተማ ውጭ ያለው ትልቁ ጋራዥ ነው። አባቷ እዚያ ከተቀጠረ ቤት የሚመጣው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ማታ ማታ ሒሳብ የሚያስረዳት፣ በቀልዱ እያሳቀ ሆዷን የሚያሳምማት አባቷ የቅዳሜ እንግዳ ሊሆን ነው! «ቆይ፣ አሁን ያለበት ሥራ ምን ጎደለው?» አለች ለራሷ። ስልኩን ልትሰጠው፣ ስለ ጥሪው ግን ትንፍሽ ላትል ቆርጣ ወጣች።

ጋራዡ ስትደርስ አባቷ አንድ ታክሲ ላይ አጎንብሷል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የሥራ ባልደረቦቹ «ዶክተሩ» የሚሉት እንዲያው አይደለም። የጋራዡ ባለቤት ግን ሳያዳምጥ «ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት፤ ብዙ ብር ይፈልጋል» ብሎ ለባለ ታክሲው ነግሮታል።

አባቷ ቀና አለ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሚጮኸው የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው፤ እሱን መቀየር ብቻ ነው።»

«እሰይ! ዶክተሬ፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ብሎ ባለ ታክሲው ኩሽኔታ ሊገዛ ሮጠ።

አጠገባቸው የቆመው የጋራዡ ባለቤት ፊቱ ተለዋወጠ። «ደንበኛ ፊት አፍህን የምትከፍተው ማን ጠይቆህ ነው? ሁልጊዜ እንዲሁ ነህ!»

«ጋሼ፣ የሰውን ደህና ሞተር አላወርድም።»

«እንግዲያው ዛሬ መፍቻ እንዳትነካ! መጥረጊያ አንሳና ግቢውን ጥረግ!»

አባቷ መጥረጊያውን አነሳ። ልጅቷ ባለቤቱን በንዴት አየችው፤ እንደዚያን ቀንም በአባቷ ኮርታ አታውቅም። እሱ ግን ሲያያት ፈገግ አለ።

«የኔ ፕሮፌሰር! ምን እግር ጣለሽ?»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ አባዬ። ስልክህን ረስተህ ነው» አለችና ስልኩን ሰጠችው። «ትልቁ ጋራዥ ደውሎ ነበር። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለፈተና ና ብለውሃል።»

አባቷ መጥረጉን አቆመ።

«ከሄድኩ እኮ ማታ ማታ አልኖርም።»

«አውቃለሁ። ሒሳቡን አጠራቅሜ ቅዳሜ እጠይቅሃለሁ።»

መጥረጊያውን ከእጁ ወሰደችና ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችው።